«ደህና ናት እኮ!»፦ ውሻ፣ የበዓል ማዕድ እና የሚያታልለው ሰዓት

ቡቺ ኬኩን የበላችው እንግዳ ስንሸኝ ነው። ሁላችንም በር ላይ ቆመን የስንብት ወሬ ይዘናል፤ እንደምታውቁት ይህ ወሬ አንዳንዴ ከግብዣው ራሱ ይረዝማል። ተመልሰን ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ሳህን ብቻ ቀርቷል። ቡቺ ሥሩ ተቀምጣ አፍንጫዋን ትልሳለች። ኬኩ ደግሞ ዘቢብ የሞላበት ነበር።

አጎቴ ሳቁ። «እሷም በዓሏን አከበረች!» አሉ። እኔ ግን ዘቢብ ለውሻ አይሆንም የሚል ነገር የሆነ ቦታ ማንበቤ ትዝ አለኝና ስልክ አነሳሁ። የእንስሳት ሐኪሟ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ስንት ኪሎ ናት? ምን ያህል በላች? ከበላች ምን ያህል ጊዜ ሆናት? አንዱንም በቅጡ አልመለስኩም። «ኧ... መካከለኛ ናት» ነው ያልኩት። ሐኪሟ ትንሽ ዝም አለችና «አሁኑኑ ይዘዋት ይምጡ» አለችኝ። አጎቴ ከኋላዬ ሆነው «ኧረ ደህና ናት እኮ! ጅራቷን ስትቆላ አታዩዋትም?» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ጅራቷን ትቆላ ነበር። መኪና ውስጥም ስትቆላ፣ ክሊኒክ በር ላይም ስትቆላ ደረስን።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መርዝ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ወዲያው የሚጥል ነገር ነው። በላ፣ ወደቀ። ካልወደቀ አልተመረዘም። በበዓል ማዕድ ላይ ለውሻ የሚከፉት ነገሮች ግን አብዛኞቹ እንደዚያ አይሠሩም። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰዓት አላቸው። አንዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጉዱን ያሳያል፣ ሌላው በማግስቱ፣ ሌላው ደግሞ በዓሉ ተረስቶ ሁሉም ሥራ ከገባ በኋላ። ሐኪም በቀላሉ ሊያድነው የሚችለው ደግሞ ምልክቱ ከመምጣቱ በፊት ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፤ ማለትም ውሻው ጅራቱን እየቆላ፣ እኛም «ደህና ነው» እያልን በምንጠብቅባቸው ሰዓታት።

ዘቢብን እንውሰድ፣ የወይን ፍሬም ያው ነው። ውሻ ወይን ወይም ዘቢብ ሲበላ ኩላሊቱ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞች ካወቁ ቆይተዋል፤ ለረጅም ጊዜ ያላወቁት ምክንያቱን ነበር። ፍንጩ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ የተሠራ የልጆች መጫወቻ ሊጥ የበላ ውሻ ልክ ወይን እንደበላ ሆኖ ኩላሊቱ ታመመ። ሊጡ ውስጥ የነበረው ክሪም ኦፍ ታርታር የሚባለው የኬክ ቤት ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት የሚሠራው ደግሞ ከታርታሪክ አሲድ ነው፤ ወይን ውስጥ በብዛት የሚገኘው አሲድ። በአሜሪካ የእንስሳት መርዝ ማዕከል የሚሠሩ ሐኪሞች ይህን አገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2021 አወጡት። ዛሬ ብዙዎቹ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይኸው ነው።

ይህ ማብራሪያ አንድ የቆየ እንቆቅልሽም ይፈታል። «የኔ ውሻ ወይን ሲበላ ነው የኖረው፣ ምንም አልሆነም» የሚል ሰው በየቦታው አለ፤ አይዋሽም። የአሲዱ መጠን ግን እንደ ወይኑ ዓይነትና እንደ ብስለቱ ይለያያል። ባለፈው ዘለላ የተረፈ ውሻ በዚህኛው ላይተርፍ ይችላል። ዘቢብ ደግሞ ውሃው የወጣለት ወይን ስለሆነ ትንሹ ብዙ ይይዛል፤ ኬክ ውስጥ ገብቶ መጋገሩም ምንም አያቀልለውም። ሰዓቱን ተመልከቱ። መጀመሪያ ማስመለስ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን። የኩላሊቱ ጉዳት በምርመራ የሚታየው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሽንት ማቆም ከጀመረ ነገሩ በጣም ርቆ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ «እስከ ነገ እንየው» ማለት፣ በዘቢብ ጊዜ፣ ዕድሉን እንዳለ ማሳለፍ ነው።

ቸኮሌት ከሁሉም የታወቀው ነው፤ ግን የምናውቀው በግማሹ ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው በዋናነት ቲዮብሮሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን የቡና ካፌይን የቅርብ ዘመድ ነው። የሰው ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። የውሻ ሰውነት ግን የገባውን ግማሹን እንኳ ለማስወጣት 17 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ማታ የበላው ቸኮሌት ጠዋት ላይ ገና ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደም።

ብዙ ሰው የሚስተው የቸኮሌቱን ዓይነት ነው። አንድ 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እናስብ። በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 20 ሚሊግራም ቲዮብሮሚን ሲገባ ማስመለስ፣ ተቅማጥና መቁነጥነጥ ይጀምራል። ከ40 እስከ 50 ሲደርስ ልብ ትዛባለች። ከ60 በላይ ሲሆን ሰውነቱ እየተንዘፈዘፈ ሊወድቅ ይችላል። የወተት ቸኮሌት በግራም 2 ሚሊግራም ገደማ ስለሚይዝ ያ ውሻ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ለመድረስ 100 ግራም አካባቢ መብላት አለበት። ጥቁር ቸኮሌት ከሆነ 40 ግራም ይበቃዋል። የካካዎ ዱቄት ከሆነ ደግሞ 7 ወይም 8 ግራም፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይርቅም። ነጭ ቸኮሌት በተቃራኒው ቲዮብሮሚን የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚያሰጋው ስቡ ነው። ስለዚህ «ቸኮሌት በላ» ብቻ ብላችሁ ብትደውሉ ሐኪሙ ምንም አልነገራችሁኝም ቢላችሁ አትቀየሙ። የትኛውን? ስንት ግራም? ማሸጊያው ላይ ስንት በመቶ ካካዎ ይላል? እሱን ነው የሚፈልገው።

የካርቶን ቸኮሌት ከሆነ የተበተኑትን ወረቀቶች ቁጠሩ። ቀልዴን አይደለም። ካርቶኑ 24 ይላል፣ ያልተበሉት 9 ናቸው፣ ሰው የበላው 6 ነው። ቀሪው 9ኙ ውሻው ጋ ነው፣ ምናልባትም ከነወረቀቱ።

በነገራችን ላይ፣ ስጦታ ተጠቅልሎ መቀመጡ ምንም ዋስትና አይደለም። ለእናንተ ወረቀትና ሪባን ነው፤ ለውሻ አፍንጫ ግን ስሙ የተጻፈበት ቸኮሌት ነው። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ ያሉ የእንስሳት ክሊኒኮችን መዝገብ አይተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ቸኮሌት በልተው የሚመጡ ውሾች በገና ሰሞን ከሌላው ጊዜ አራት እጥፍ ገደማ፣ በፋሲካ ደግሞ ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነው ነበር። ውሻው ያው ውሻ ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ነገር ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝን ስም ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዛይሊቶል ይባላል። ከስኳር ነፃ በሆኑ ማስቲካዎች፣ ከረሜላዎችና ኬኮች፣ በአንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤዎች፣ እንዲያውም በአንዳንድ የጥርስ ሳሙናዎች ውስጥ የሚገባ ማጣፈጫ ነው። ሰው ላይ የደም ስኳርን ብዙም አይነካም፣ ለዚያም ነው ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚመርጡት። የውሻ ቆሽት ግን ይታለላል። እውነተኛ ስኳር የገባ መስሎት ኢንሱሊን ይለቃል፣ ያውም በብዛት። ደም ውስጥ የነበረው ስኳር ድንገት ይወርዳል። ውሻው ይንገዳገዳል፣ ያስመልሳል፣ ይደክማል፣ ሊንዘፈዘፍም ይችላል። ይህ ሁሉ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ማስቲካ ከሆነ ደግሞ ማጣፈጫው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። መጠኑ ከፍ ካለ ጉበትም ይከተላል።

ስንት ነው መጠኑ? በአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ግራም ስኳሩን ለማውረድ ይበቃል። ከ0.5 ግራም ካለፈ ጉበት ላይ አደጋ አለ። ለ10 ኪሎ ውሻ የመጀመሪያው 1 ግራም ብቻ ነው። አንዳንዱ ማስቲካ በፍሬ የግራም ሩብ ገደማ ሲይዝ ሌላው ወደ 1 ግራም ይጠጋል። ማስቲካው የሚቀመጠው የት ነው? ቦርሳ ውስጥ። ቦርሳው የት ነው? እንግዳ ሲበዛ ወለል ላይ፣ ሶፋ ሥር፣ አልጋ ላይ ከኮቶች ጋር ተከምሮ። እኔ በበኩሌ በበዓል ቀን ከኬኩ ይልቅ የእንግዶች ቦርሳ ነው የሚያሳስበኝ።

ስሙ ደግሞ ይቀያየራል። ማሸጊያው ላይ «የበርች ስኳር» ተብሎ ወይም ኢ967 በሚል ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ከጎኑ ሲኖር ሰው ይበልጥ ይዝናናል። ከተክል መገኘቱ እውነት ነው፣ ለውሻው ግን ምንም አይፈይደውም።

የሽንኩርት ሰዓት ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሰልፈር የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያበላሻል፤ የተበላሹትን ሰውነቱ ራሱ እያፈረሰ ያስወግዳቸዋል፣ ከዚያ ደም ማነስ ይመጣል። ይህ በአንድ ጀንበር አይሆንም። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል። በአምስተኛው ቀን ውሻው ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ድዱ ሲገረጣ፣ ሽንቱ ቡናማ ሲሆን፣ ማን ነው ያንን ከእሑዱ መረቅ ጋር የሚያገናኘው? ማንም።

በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ይበቃል። ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ማለት አንድ ጠና ያለ ራስ ሽንኩርት ነው። መብሰሉ አያድነውም። ደርቆ የተፈጨው ደግሞ ይብሳል፣ በትንሽ ማንኪያ ብዙ ሽንኩርት ነው የሚገባው። ነጭ ሽንኩርትም በክብደት ሲወዳደር ከቀዩ ይበረታል። እንደ አኪታና ሺባ ያሉ የጃፓን ዝርያዎች በተለይ ቶሎ ይጎዳሉ። «ሥጋውን ብቻ ነው የሰጠሁት» የሚል ሰው ሥጋው በምን ተዘፍዝፎ እንዳደረ ይርሳ እንጂ ውሻው ሆድ ውስጥ ሁለቱም አብረው ናቸው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መስጠትም ይጠራቀማል፤ የበዓል ትራፊ ሳምንቱን ሙሉ ሲበላ የሚሆነው ይኸው ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልጥቀሳቸው። ማካዳሚያ የሚባለው ለውዝ በ12 ሰዓት ውስጥ የኋላ እግሮችን ያደክማል፣ ያንቀጠቅጣል፤ ያስደነግጣል እንጂ አብዛኞቹ ውሾች በአንድ ሁለት ቀን ይነሳሉ። ያልተጋገረ ሊጥ ግን ቀልድ የለውም። የውሻ ሆድ ሙቀቱ 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለእርሾ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሊጡ ሆድ ውስጥ ኩፍ ይላል፣ እርሾው ደግሞ አልኮል ያመርታል፤ ውሻው በአንድ ጊዜ ሆዱ ተነፍቶም ሰክሮም ይገኛል። የሻገተ ምግብ፣ በተለይ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሰነበተ፣ የሚያንቀጠቅጥ መርዝ ሊኖረው ይችላል። የበሰለ አጥንት መርዝ ባይሆንም ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሆናል።

የሥጋ ስብና ቆዳ ለብቻው ቢወራበት ይሻላል፣ ምክንያቱም ማንም መርዝ አይለውም። አይደለምም። ግን አንድ ሳህን ሙሉ ስብ በአንዴ የበላ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ። ደጋግሞ ያስመልሳል፣ ምግብ አይነካም። አንዳንዱ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስነካና መቀመጫውን ወደ ላይ ያደርጋል። ለመጫወት የሚጋብዝ ይመስላል። ሆዱን አሞት ነው።

እንግዲህ በልቶ ተገኘ እንበል። የመጀመሪያው ነገር ስልክ ነው፣ ምልክት መጠበቅ አይደለም። ሐኪሟ እኔን የጠየቀችኝ ሦስት ጥያቄዎች ሕክምናውን በሙሉ ይወስናሉ። ክብደቱን ዛሬውኑ መዝኑና የሆነ ቦታ ጻፉት። ቤት ውስጥ ያለ የሰው ሚዛን ይበቃል፤ ውሻውን ይዛችሁ ተመዘኑ፣ ከዚያ ብቻችሁን፣ ከዚያ ቀንሱ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተቀደደም ቢሆን።

ስልክ ከመደወል በፊት የሚደረጉት ነገሮች ናቸው ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያባብሱት። ጨው በውሃ በጥብጦ ማጠጣት የድሮ ዘዴ ነው፣ አደገኛም ነው፤ ጨው ራሱ ውሻን ይመርዛል። ወተት መርዝ አያረክስም። ጉሮሮ ውስጥ ጣት መክተትም ጣትና ጉሮሮ ከመጉዳት በቀር ዋጋ የለውም። ማስመለስ ጠቃሚ የሚሆነው በአብዛኛው ከተበላ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እሱንም ሐኪም ሲወስን ነው። አንዳንድ ጊዜ ሐኪሙ በስልክ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንድትሰጡ ሊያዛችሁ ይችላል፣ መጠኑን ነግሮ። በራሳችሁ ግን አትሞክሩት። ውሻው ከፈዘዘ፣ ከተንዘፈዘፈ፣ ወይም አፍንጫው ድፍጥጥ ካለው ዝርያ ከሆነ ማስመለስ ትውከቱን ወደ ሳንባ ሊያስገባው ይችላል። መርዝ እንዲይዝ የሚሰጠው የሕክምና ከሰልም ለሁሉም አይሠራም፤ ዛይሊቶልን በደንብ አይዝም። ቸኮሌት ሲሆን ደግሞ ውሻው ቶሎ ቶሎ እንዲሸና ማድረግ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቲዮብሮሚኑ ፊኛ ውስጥ ከቆየ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ማን ያስበዋል?

መከላከሉን በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ የሚባለው «እንግዶቻችሁን ንገሩ» ነው። ሞክሬዋለሁ። አይሠራም። ሰው ይሰማል፣ ይነቀንቃል፣ ከዚያ ያቺ ዓይኗን እያንከራተተች ጉልበቱ ላይ አገጯን ስታሳርፍ አንጀቱን ትበላዋለች። ከጠረጴዛ ሥር እጁ ይወርዳል። ክፋት አይደለም፣ ፍቅር ነው፤ ለዚህ ነው መከልከሉ የሚከብደው። እኔ ዘንድ የሠራው ነገር እጁን ከማስቆም ይልቅ የሚሰጠውን መለወጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣለሁ፤ የተከተፈ ካሮት፣ ያለ ጨው ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ቆዳና አጥንት የሌለው ሥጋ። «ለቡቺ መስጠት የፈለገ ከዚህ» እላለሁ። ልጆች በተለይ ይወዱታል።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት መምረጥ ነው። አደጋው ያለው ማዕዱ ላይ ሰው ተቀምጦ እያለ አይደለም፤ ከተነሳ በኋላ ነው። ሳህኖቹ እዚያው ናቸው፣ የቆሻሻ ከረጢቱ ወጥቶ በር ላይ ተቀምጧል፣ ባለቤቱ እንግዳ እየሸኘ ነው። ያን ግማሽ ሰዓት ውሻው ሌላ ክፍል ይቆይ። ቦርሳዎች ደግሞ ከፍ ብለው ይሰቀሉ።

ቡቺ ምን ሆነች? ክሊኒክ የደረስነው ከበላች አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆናት ነው። መርፌ ወግተው አስመለሷት። ሐኪሟ ጓንት አጥልቃ ያስመለሰችውን በእንጨት እያገላበጠች ዘቢቡን ቆጠረች፤ 14። ስንት ሆድ ውስጥ እንደቀረ አይታወቅም። ሁለት ቀን ጉሉኮስ ተሰክቶላት ተኛች፣ ደሟ በየቀኑ ተመረመረ። በሦስተኛው ቀን የኩላሊቷ ውጤት ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ቤት ስትገባ ጅራቷን እየቆላች ነበር፣ መጀመሪያውንም አላቆመችም።

አጎቴ በር ላይ ተቀበሉን። ራሷን ዳበሱና ወደ እኔ ዞሩ። «አላልኩም?» አሉ፤ «ደህና ናት ብያችሁ ነበር እኮ!»